«ሴት ወደ ማጀት» ያሉ ሴቶች

«ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ፈጣሪው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ሲናገሩት የኖሩት እነማን እንደ ሆኑ ግን ይታወቃል። ተረትና ምሳሌ ከሚተላለፍባቸው ቦታዎች አንዱ የምድጃ ዳር ነው፤ በምድጃ ዳር ሴት ልጅን የሚያስተምሯት ደግሞ እናቷና አያቷ ናቸው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውም በወንዶች አደባባይ ብቻ ሳይሆን በሴቶች አንደበትም ከትውልድ ወደ ትውልድ ተሻግሯል። ሴትን ከአደባባይ የሚያስቀር ቃል ወንድ ሲናገረው ጥቅሙን ሲጠብቅ ይታያልና ይጠረጠራል፤ ሴት ስትናገረው ግን ምክር ይመስላል። በዚህም ምክንያት የበለጠ ይታመናል።

ሴቶች የሴቶችን ድምፅ ሲቃወሙ የሚናገረው ማን ነው? ንግግሩስ የሚበጀው ለማን ነው? ጥያቄው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ይኸው ሐሳብ ከምድጃ ዳር ወጥቶ ፊርማ፣ ማኅበር፣ ጋዜጣና ልብ ወለድ ነበረው። የዚያን ልብ ወለድና የደራሲዋን ሕይወት ከእንጦጦ ተራራና ከየካ ሰፈር ታሪክ ጋር አስተያይቶ መመርመር የሩቁን ብቻ ሳይሆን የቅርቡንም ያስረዳል።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። በተከታዩ ወር፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1889፣ «ዘ ናይንቲንዝ ሴንቸሪ» በተባለ የለንደን መጽሔት ላይ ለሴቶች የምርጫ መብት እንዳይሰጥ የሚማጠን አንድ ጽሑፍ ታተመ። የፈረሙበት 104 ሴቶች ነበሩ። አብዛኞቹ የመኳንንት፣ የሚኒስትሮች፣ የምሁራንና የቀሳውስት ሚስቶችና ልጆች ናቸው። ጽሑፉን በማዘጋጀት ግንባር ቀደም ከነበሩት አንዷ ደራሲዋ ሜሪ ዋርድ ነበረች።

የጽሑፉ ክርክር ተራ ስድብ አይደለም። ሴት አታስብም፣ አትማርም አይልም። ይልቁንም ሴቶች በትምህርት ቤት ቦርድ፣ ድኾችን በመርዳትና ሕሙማንን በማስታመም የጀመሩት ሥራ መልካም ነው፤ በዚህ ይበርቱ ይላል። ፓርላማው ግን የሚወስነው ስለ ጦር ሠራዊት፣ ስለ ባሕር ኃይል፣ ስለ ታላላቅ የገንዘብ ጉዳዮችና ስለ ውጭ ግንኙነት ነው፤ እነዚህ በወንድ ጉልበት የሚቆሙ ስለሆኑ ሴት በእነርሱ ላይ ድምፅ ልትሰጥ አይገባትም ይላል። ባጭሩ ሲታይ «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» በጥሩ እንግሊዝኛ የተጻፈበት ሰነድ ነው፤ ልዩነቱ ማጀቱን እስከ ትምህርት ቤትና እስከ ሆስፒታል ማስፋቱ ብቻ ነው።

ጊዜ ራሱ ለዚህ ክርክር መልስ አዘጋጅቶ ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ሲነግሡ ከሁለት ቀን በኋላ ጣይቱ ብጡል እቴጌ ተባሉ። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ የጣሊያንኛው ትርጉም የኢትዮጵያን የውጭ ግንኙነት በጣሊያን እጅ የሚያስገባ መሆኑ በታወቀ ጊዜ፣ ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር በተደረገው ክርክር አንቀጹን አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል እቴጌይቱ ነበሩበት። በ1888 ዓ.ም. የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ፤ በመቀሌ የጣሊያን ምሽግ ውሃ እንዲያዝበት ያመለከቱትም እርሳቸው እንደ ነበሩ ታሪክ ይመሰክራል። እንግዲህ የውጭ ግንኙነትና ጦርነት ከሴት አእምሮ ውጪ ናቸው የሚለው ሐሳብ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ከእንጦጦ እስከ ዓድዋ ባለው መንገድ ላይ ተሽሯል። የለንደኖቹ ፈራሚዎች ይህን አልሰሙም ማለት ግን ያስቸግራል፤ የዓድዋ ድል በአውሮፓ ጋዜጦች ሁሉ ተነግሯል። በ1889 ዓ.ም. የሬኔል ሮድ መልእክት ከመጣ ወዲህም የእንግሊዝ መንግሥት ከእንጦጦ ግርጌ፣ ዛሬ የካ ክፍለ ከተማ በሚባለው አካባቢ፣ ሰፊ መሬት ተሰጥቶት ሌጋሲዮኑን መሥርቷል። ኤምባሲው እስከ ዛሬ የሚገኘው በዚያው ሥፍራ ነው።

ሜሪ ዋርድ ማን ነበረች? እ.ኤ.አ. በ1851 በታዝማኒያ ተወለደች። በኦክስፎርድ የሴቶች ትምህርት እንዲስፋፋ ከደከሙት አንዷ ናት፤ የሰመርቪል አዳራሽ ሲቋቋም እጇ ነበረበት። በ1888 ያሳተመችው «ሮበርት ኤልስሚር» የተባለው ልብ ወለድ በእንግሊዝና በአሜሪካ እጅግ ብዙ ቅጂ ተሸጧል። በለንደን ለሠራተኞች ልጆች የመጫወቻና የመማሪያ ማእከሎች አቋቁማለች፤ ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናትም ትምህርት ቤት ከፍታለች። እነዚህ ሥራዎች በወሬ የሚታለፉ አይደሉም። በጁላይ 1908 የሴቶች ብሔራዊ ፀረ ምርጫ መብት ሊግ ሲመሠረት ዋና መሪ ከሆኑት መካከልም እርሷ ነበረች። የአረብ በረሃን በግመል ያቋረጠችው፣ ኋላም በኢራቅ አስተዳደር ውስጥ ከፍተኛ ሥልጣን የነበራት ገርትሩድ ቤል በማኅበሩ ውስጥ ጸሐፊ ሆና ሠርታለች።

የነገሩ ተቃርኖ ከዚህ ይጀምራል። ሴት ከአደባባይ ትራቅ የሚሉት እነዚህ ሴቶች በአደባባይ ይናገሩ፣ ፊርማ ያሰባስቡ፣ ወርኃዊ ጋዜጣ ያሳትሙ ነበር። ሜሪ ዋርድ ልጇ አርኖልድ በ1910 ለፓርላማ ሲወዳደር ለመራጮች ደብዳቤ እየጻፈች ቀስቅሳለታለች። ልጇን ለማስመረጥ የበቃ አንደበት ለመምረጥ አይበቃም ማለቷ ነው። መጻሕፍቷንም ያሳተመችው በራሷ ስም ሳይሆን «ሚስስ ሐምፍሪ ዋርድ» በሚል የባሏ ስም ነው። ሊጉም ቢሆን ሴቶች መሥርተውት ሦስት ዓመት ሳይሞላው በ1910 ከወንዶቹ ማኅበር ጋር ተዋሐደና ግብጽን ሲገዛ የኖረው ሎርድ ክሮመር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ የሕንድ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ከርዘን ተተካ። በ1918 ጉዳዩ በላይኛው ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥበት ከርዘን ሕጉን እንዳይቃወሙ ጓደኞቹን መክሮ ራሱም ድምፅ ከመስጠት ታቀበ። ሴቶቹ ለዐሥር ዓመት የደከሙበትን ዘመቻ የዘጋው አንድ ወንድ ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት የደረሰባቸው ተረቱን የተናገሩት ራሳቸው መሆናቸው ነው።

ከሊጉ ዘመቻ ለሥነ ጽሑፍ ሐያሲ የሚተርፈው «ዲሊያ ብላንችፍላወር» የተባለው ልብ ወለድ ነው። የወጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ግድም ነው። ዲሊያ ገና በወጣትነቷ ሀብት የወረሰች ውብ ልጅ ናት። ገርትሩድ ማርቬል የምትባል ብርቱ የምርጫ መብት ታጋይ ልቧን ማርካዋለች። አባቷ በኑዛዜ የሾሙላት ሞግዚት ማርክ ዊኒንግተን ደግሞ ታጋሽ፣ ደግና በመንደሩ የተከበረ ሰው ነው። ታሪኩ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የልጅቷን ነፍስ ለመያዝ የሚደረግ ትግል ነው። በመጨረሻ ታጋዮቹ የአንድ ሚኒስትር ጥንታዊ ቤት ያቃጥላሉ፤ ገርትሩድና የቤቱ ጠባቂ በሽተኛ ልጅ በእሳቱ ይሞታሉ፤ ዲሊያም ወደ ዊኒንግተን ታደላለች።

ደራሲዋ ሙያዋን ታውቃለች። የእንግሊዝ ገጠር፣ ያረጀው ቤትና የመንደር ሰው ለዛ በልብ ወለዱ ውስጥ በሚገባ ተሥለዋል። እሳቱም ከአየር የተፈጠረ አይደለም፤ በ1913 እና በ1914 አንዳንድ የምርጫ መብት ታጋዮች በእርግጥ ቤት ያቃጥሉ ነበር። ከገፀ ባሕርያቱ ሁሉ ሕይወት ያላት ግን ደራሲዋ ልታወግዛት የተነሣችው ገርትሩድ ናት። ዲሊያ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የምትተላለፍ ዕቃ ስትመስል ገርትሩድ ራሷ ትወስናለች፣ ራሷ ታደርጋለች። ሳትፈልግ እንኳ ደራሲዋ የምትወስን ሴት ከምትወሰንላት ሴት የበለጠ ሰው ሆና እንደምትታይ መስክራለች።

የልብ ወለዱ ዋና ድክመት ከደራሲዋ አቋም የመጣ አይደለም፤ ከታሪኩ አወቃቀር የመጣ ነው። መጽሐፉ የሚያነሣው ጥያቄ «ሴት ትምረጥ ወይስ አትምረጥ?» የሚል ነው። የሚሰጠው መልስ ግን ቃጠሎና ጋብቻ ነው። እሳቱ ክርክሩን ይበላዋል፤ ጋብቻው አመዱን ይሸፍነዋል። ቤት ማቃጠል ክፉ መሆኑ ሴት መምረጥ እንደሌለባት አያስረዳም፤ አንዲት ልጅ ደግ ባል ማግኘቷም ባል የሌላት፣ ወይም ክፉ ባል ያላት ሴት ጉዳይዋን ማን ይናገርላት ለሚለው መልስ አይሆንም። ከዚህ የሚብሰው ግን የጠባቂው ልጅ ዕጣ ነው። በታሪኩ ፍጻሜ የድኻው ቤት ድርሻ መሞትና ማስለቀስ ብቻ ሆኗል። ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት የእነዚያን ሕፃናት እናቶች ስለ ምርጫ ምን ያስባሉ ብላ ሳትጠይቅ ልጃቸውን ለክርክሯ ማስረጃ አድርጋ አቃጠለቻት።

የሜሪ ዋርድ ስሕተት ሥር እዚህ ላይ ይታያል። ለእርሷ ድምፅ አያስፈልጋትም ነበር፤ ተሰሚነት ነበራትና። ሚኒስትር በማዕዷ ይቀመጣል፤ ጳጳስ ደብዳቤዋን ያነባል፤ ልጇ ፓርላማ ይገባል። በዐቢዩ በር ባትገባም የጓዳው በር ክፍት ነበር። የጓዳ በር ያላት ሴት ለሌላይቱ «ምን ያደርግልሻል?» ብትላት ቀላል ነው። የጓዳ በር ለሌላት የፋብሪካ ሠራተኛ ግን ያ ምክር ከደጅ መቅረት ነው። ከ104ቱ ፈራሚዎች አንዷ የነበረችው ቢያትሪስ ፖተር፣ ኋላ ቢያትሪስ ዌብ፣ የሠራተኛውን ሕይወት በቅርብ ካጠናች በኋላ በ1906 ስሕተቷን በይፋ አምና ሐሳቧን ለውጣለች። ሜሪ ዋርድ ግን እ.ኤ.አ. በ1920 እስከ ሞተችበት ቀን አልተለወጠችም።

ተሰሚነት መብት አለመሆኑን ከእቴጌ ጣይቱ ሕይወት የበለጠ የሚያስረዳ የለም። አዲስ አበባን በስሟ የጠሩት፣ በውል ክርክርና በጦር ሜዳ የተሰሙት እቴጌ፣ ዐፄ ምኒልክ ሲታመሙ የመንግሥቱን ሥራ በእጃቸው ያዙ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ግን መኳንንቱ ተማክረው ከሥልጣን አወረዷቸውና የታመሙትን ባላቸውን እንዲያስታምሙ ብቻ ወሰኑባቸው። «ወደ ማጀት» የሚለው ቃል ለእቴጌም አልቀረም። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ወጥተው ኖሩ፤ በዚያው በየካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። በባል የመጣ ተሰሚነት ከባል ጋር ታመመ፣ ከባል ጋር ሞተ። በየካቲት 1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ዘውድ የጫኑት ዘውዲቱም ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለዩ ተደርገው፣ የመንግሥቱም ሥራ በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ እጅ እየገባ ሄደ። የአንዲት ሴት ዙፋን ላይ መቀመጥ የሴቶች ሁሉ መሰማት አለመሆኑን ታሪክ በዚህ አሳይቷል። እቴጌ ጣይቱን ለሴቶች መብት እንደ ታገሉ አድርጎ ማቅረብ ግን ሌላ ስሕተት ይሆናል፤ የታገሉት ለአገራቸውና ለዙፋናቸው ነው። ታሪካቸው የሚያስተምረው ብቃት መኖሩን፣ ብቃቱን የሚጠብቅ ሕግ ግን አለመኖሩን ነው።

ከሜሪ ዋርድ ልብ ወለድ ጎን ሊቀመጥ የሚገባው የሌላይቱ እንግሊዛዊት ሥራ ነው። ሲልቪያ ፓንክረስት ለኢትዮጵያውያን የምትታወቀው በፋሺስት ወረራ ዘመን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» በተባለው ጋዜጣዋ ለኢትዮጵያ ነፃነት በመሟገቷ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሠዓሊ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝና በስኮትላንድ የኢንዱስትሪ ከተሞች ተዘዋውራ በጫማ ፋብሪካ፣ በጥጥ መፍተያና በሸክላ ሥራ የተሠማሩ ሴቶችን በውሃ ቀለም ሥላለች። በእነዚህ ሥዕሎች ሠራተኛይቱ አሳዛኝ ጌጥ አይደለችም። እጇ መሣሪያውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ወገቧ በምን በኩል እንደሚጎብጥ፣ ፊቷ በሥራው ላይ እንዴት እንደ ተተከለ ይታያል። ሜሪ ዋርድ የድኻውን ልጅ በእሳት ስታስለቅስበት ሲልቪያ የድኻዋን ሴት ሥራ አሳየችበት። ከሥዕሉ ወደ ትግሉ የሄደችውም በዚሁ መንገድ ነው፤ በምሥራቅ ለንደን ሠራተኛ ሴቶችን አደራጀች፤ ታሰረች፣ በረሃብ አድማዋ ጊዜ በግድ ተቀለበች። ከሠራተኛው አልለይም በማለቷም በጃንዋሪ 1914 የገዛ እናቷና እኅቷ ከሚመሩት ማኅበር ተባረረች። በ1918 የወጣው ሕግ ዕድሜያቸው 30 ዓመት የሞላና የንብረት መመዘኛ ላሟሉ ሴቶች ብቻ ድምፅ ሲሰጥ ሥጋቷ ትክክል እንደ ነበር ታየ። እኩልነቱ የመጣው በ1928 ነው። ሲልቪያ በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብታ፣ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ዐርፋ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብራለች።

እርሷ ወደ አዲስ አበባ በመጣችበት ዘመን የኢትዮጵያ ሴቶች የመምረጥ መብት አግኝተው ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ በሕዝብ እንዲመረጥ ሲያዝዝ ሴትን ከወንድ አልለየም። በ1950 ዓ.ም. መባቻ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ምክር ቤት በመግባት ፈር ቀዳጅ ሆኑ። ወይዘሮ ስንዱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በአዚናራ ደሴት የታሰሩ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ፣ «የልቤ መጽሐፍ»ን የጻፉ ደራሲ ናቸው። የስዊስ ሴቶች በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1971 መሆኑ ሲታሰብ ኢትዮጵያ ቀድማለች ማለት ይቻላል። በስዊስም «አንፈልግም» ብለው የተደራጁ ሴቶች ነበሩ።

ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ መብቱ የወረደው ከዙፋን ነው። ሴቶች ተሰባስበው፣ ተከራክረው፣ ተረትና ምሳሌውን በአደባባይ ረትተው ያመጡት አልነበረም። በመሆኑም ሕጉ ሲለወጥ ተረቱ ባለበት ቀረ። ሕጉም ቢሆን ሙሉ አልነበረም፤ ለእጩነት የሚቀርብ ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው እንዲሆን ያስገድድ ነበር። ርስት ያላት እመቤት ልትመረጥ ትችላለች፤ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርደው ሴት ግን ድምፅ ልትሰጥ እንጂ ልትመረጥ አትችልም። የሜሪ ዋርድ የጓዳ በር እዚህም ነበረ።

የእንጦጦዋ እንጨት ተሸካሚ በዚህ ታሪክ ውስጥ በአጋጣሚ የገባች አይደለችም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከገባ ወዲህ፣ ከአንድ መቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሴቶች ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው አዝለው በሽሮ ሜዳ፣ በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በየካ ቁልቁለት ሲወርዱ ኖረዋል። የከተማይቱ እንጀራ የተጋገረው በእነርሱ ጀርባ በመጣ እንጨት ነው። ሠዓሊዎችም ደጋግመው ሥለዋቸዋል። ይሁንና ለጎብኚ በሚሸጡት ብዙዎቹ ሥዕሎች ውስጥ የሚታየው የጎበጠ ጀርባ፣ የገዘፈ ሸክምና ከኋላው የሚያምር ተራራ ነው። ፊት የለም። ሸክሙ ከሰውዬይቱ ይበልጣል፤ ተራራው ከሸክሙ ይበልጣል። ተመልካቹ ያዝናል፣ ያደንቃል፣ ይገዛል፤ ይህች ሴት ስለ ጫካው፣ ስለ ጥበቃው፣ ስለ እንጨቱ ዋጋ ሐሳብ እንዳላት ግን ከሥዕሉ አይረዳም። ይህ አሣሣል በዓላማ ከሜሪ ዋርድ ልብ ወለድ ቢለይም በውጤት ይገናኛል፤ ድኻዋን ሴት የሚታዘንላት እንጂ የምትናገር አድርጎ አያሳይም።

በመድረክም ተመሳሳይ ልማድ አለ። በተውኔት ውስጥ ልጇን «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሴት ልጅ ወደ ማጀት» የምትል እናት ስትቀርብ ብዙ ጊዜ የምትቀርበው ለሣቅ ነው። ነገር ግን ያቺ እናት ሞኝ አይደለችም። አደባባይ ወጥታ ዱላ የበላችን ሴት አይታ ይሆናል፤ ልጇን የምታስጠነቅቀው ከፍቅር ሊሆን ይችላል። ጥሩ ተውኔት ይህን ፍርሃት ከነምክንያቱ ያሳያል። የሜሪ ዋርድን «ወደ ማጀት» ከዚህች እናት «ወደ ማጀት» የሚለየው ይህ ነው፤ የአንደኛይቱ ምክር ከምቾት የመጣ ነው፣ የሁለተኛይቱ ከቁስል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያወግዝ ሐያሲም ሆነ ደራሲ እውነቱን ይስታል።

ዛሬ ሕጉ ከተረቱ ርቆ ሄዷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል፤ ከጥቅምት 2011 እስከ መስከረም 2017 ዓ.ም. ድረስም የአገሪቱ ርዕሰ ብሔር ሴት ነበሩ። ተረቱን ከምድጃ ዳር የሚያስነሣው ግን አዋጅ ብቻ አይደለም። በየካ፣ በኮተቤ የሠለጠነ መምህር «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን በተረትና ምሳሌ ክፍለ ጊዜ ለማስሸምደድ ከማዘዝ ይልቅ «ይህን ማን አለ? መቼ? ለማን ይበጃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሠዓሊውም ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሸክሙን ከመሣሉ በፊት የተሸካሚዋን ፊት ቢያይ፣ ተሰሚነት ላላቸው ጥቂቶች ሳይሆን ድምፅ ለሌላቸው ብዙዎች የምትቆም ጥበብ ትገኛለች። ያን ጊዜ እንጨቷን አውርዳ ቀና ያለችው ሴት ለልጇ የምትነግራት ተረት ሌላ ይሆናል።